የአቶ ሓጎስ የጎልፍ ኳስ

የተገጠመን ዕቃ ካልፈቱ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ክፋት ነው አልልም፤ ዕውቀት የሚጀምረው በመፍታት ነው ይባላል። መልሶ መግጠሙን ግን ማን ይልመድ?

የመቐለው ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሓጎስ፣ የእነዚህ ሰዎች አለቃ ነበሩ። ጣሊያን በተባረረ ሰሞን አንድ ቀን፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን በዱላ የመታት ትንሽ ነጭ የጎልፍ ኳስ አጥር ዘላ ግቢያቸው ወደቀች። አቶ ሓጎስ ወዲያው በቢላ ቀደዷት። በውስጧ የተጠቀለለው የላስቲክ ክር እየተፈናጠረ ወጥቶ ጢማቸው ላይ ሳይቀር ተጠመጠመ።

«ኣታ ሓጎስ፣ በሰው ኳስ ልትታሰር ነው!» ብለው ሚስታቸው ጮኹ።

«እንዲያውም አሻሽልለታለሁ» አሉና፣ ልክ እንደ ገና ጨዋታ ኳስ፣ ከፍየል ቆዳ አዲስ ሰፉ፤ ሆዷንም በዶሮ ላባ ጠቀጠቁት።

በማግሥቱ መኮንኑ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ሚስትየው ለእስረኛ የሚሆን ስንቅ ቋጥረው ቆመዋል። መኮንኑ አቶ ሓጎስ የሰጡትን የቆዳ ኳስ አገላብጦ አየና ከት ብሎ ሳቀ።

«በአገራቸው ጥንት የጎልፍ ኳስ የሚሠራው እንዲሁ ከቆዳና ከላባ ነበር ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «ላስቲኩ ኋላ የመጣ ነው።»

ሁላችንም ተመስገን አልን። አቶ ሓጎስ ግን ፊታቸውን አኮሳትረው ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

«ታዲያ ደኅናውን ኳስ ለምን አበላሻችሁት በልልኝ!»