ለእማማ ዘነበች ያዋስኩት የነፍሰ ገዳይ መጽሐፍ

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ እወዳለሁ። ምን ላድርግ? ሚስቴ «ልብህ ከተንጠለጠለ ስንት ዘመኑ፣ ደግሞ ለማንጠልጠል መጽሐፍ ትፈልጋለህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ሱስ ነው። ሲጋራ አላጨስ፣ ጫት አልቅም፤ አንድ ነፍሰ ገዳይ ቢኖረኝ ምን ይለኛል?

ሱሱን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላውጋችሁ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያ ሰው የሚታፈስበት፣ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ዓይናችሁን ወዴት እንደምታደርጉት የሚቸግርበት ወራት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አለፈ ስል ተኩሱ ነው ያለፈው፤ ዝምታው እንዳለ ነው። የምኖረው እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር ነበር። ስሙን እኔ አላወጣሁትም፤ ከኔ በፊት የጮኸ ሰው ነው ያወጣው። የምሠራው ደግሞ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ። ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስ። ልብ የሚያንጠለጥል ነገር እንደሌለበት ይታያችኋል።

አንድ ቀን ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አየሁ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። ሽፋኑ ስለተገነጠለ ርዕሱንም ደራሲውንም የሚያውቅ የለም። «ስለ ምንድነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰባት ሰው የሚገድል ነው!» አለኝ። እንደ በግ ነጋዴ የመጽሐፉን አፍ ፈልቅቆ ጥርሱን ሊያሳየኝ ምንም አልቀረው። ወሰድኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንዲት የወደብ ከተማ አንድ የማይታወቅ ሰው ሰው ይገድላል። በገደለ ቁጥር የሟቹን ፀጉር በደንብ አበጥሮ፣ ሚዶውን እዚያው ሰክቶ ይሄዳል። ሐኪሙ ይሆን? ፖስተኛው ይሆን? የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ይሆን? አንድ መርማሪ ደግሞ አለ። ቀጭን ነው፣ ሆዱን ያመዋል፣ ግን አይተኛም። ሟች በወደቀ ቁጥር እሱ እየተነሳ ወደዚያው ይሄዳል።

እኔ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ እየጫርኩ በሁለት ቀን ጨረስኩትና ቢሮ ወስጄ ለጸሐፊያችን ለትርሲት ሰጠኋት። ትርሲት የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ናት። ምላሷ ከታይፕ መኪናዋ ይፈጥናል፤ የምትፈራው ሰው የለም። መጽሐፉን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ አቆመች። «ሚዶ ቦርሳችሁ ውስጥ አትያዙ» እያለች የመሥሪያ ቤቱን ሴቶች ታስጠነቅቅ ጀመር። እሷ ራሷ ሳምንት ሙሉ ፀጉሯን ሳትነካ፣ ሻሽ አስራ መጣች።

ቀጥሎ አለቃችን አቶ ገብረየስ ወሰዱት። አቶ ገብረየስ ኮስታራ የአክሱም ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ብቻ ትግርኛው ያመልጣቸዋል። መጽሐፉን ፋይል ውስጥ ደብቀው ያነባሉ። ባለጉዳይ ሲመጣ ቀና ሳይሉ «ጉዳይዎን እየመረመርኩት ነው» ይላሉ። ባለጉዳዩ ደስ ብሎት ይሄዳል። እንደዚያ ተመስጦ ፋይሉን ያነበበለት ሹም ከየት አግኝቶ ያውቃል?

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ገብተን ስናይ አቶ ገብረየስ ያለቅሳሉ። ደንግጠን ምን እንደሆኑ ብንጠይቃቸው «አራተኛውን ገደለው» አሉን። አራተኛው ሟች ተማሪ ነው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ትርሲትም ያን ገጽ አስታወሰችና ማልቀስ ጀመረች። እኔም ተከተልኩ። ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች፣ በሥራ ሰዓት፣ በር ዘግተን፣ ባሕር ማዶ ላለ፣ ከመጽሐፍ ውጪ ላልተወለደ ልጅ አለቀስን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ቢሮ ውስጥ ስንቱ ወንበር ባዶውን ሲቀር ያለቀሰ አልነበረም። ማን ያለቅሳል? «ለማን ነው ያለቀስከው?» የሚል ጠያቂ አለዋ! የመጽሐፍ ሟች ግን ዘመድ የለው፣ ድርጅት የለው፤ ብታለቅሱለት ማን ይከሳችኋል? አቶ ገብረየስ የእውነት ለማን እንዳለቀሱ አልጠየቅናቸውም። እሳቸውም እኛን አልጠየቁንም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ወረፋ ተያዘለት። ፒያሳ ማኪያቶ ልንጠጣ ስንወጣ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። ፖስተኛው ነው፣ አይደለም፣ ሐኪሙ ነው፣ አንተ ፋራ ሐኪም እንዴት ሚዶ ይይዛል፤ ባንኮኒ ላይ የተኳረፈ ሁሉ አለ። ወዳጆቼ፣ ያን ጊዜ ገዳይ ማነው ብሎ ጮክ ብሎ መከራከር የሚቻለው በመጽሐፍ ብቻ ነበር። ለዚያ ይሆናል እንደዚያ የተስገበገብንበት።

እማማ ዘነበች የመጡብኝ ይኼኔ ነው።

እማማ ዘነበች ጎረቤቴ ናቸው፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ልብስ አጥበው ያድራሉ። ይርጋ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። በዚያ ክፉ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደወጣ ቀረ። ታስሯል ያለ የለም፣ ሞቷል ያለ የለም፣ ሬሳውን ያየ የለም። ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም። ምን ብለው ይቀመጡ? የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሃምሳ አልፏቸው ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ። በስተርጅና ምን አሰኘዎት ሲባሉ «ስሙ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ አጠገቤ ሲያልፍ እንዳያመልጠኝ» አሉ።

ፊደል ለይተው፣ ሰርተፊኬት ተቀብለው፣ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ወደኔ መጡ። «ሰው ያለበት መጽሐፍ ስጠኝ። የዘመቻው መጽሐፍ የሚያወራው ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ ተቅማጥ ብቻ ነው» አሉኝ። ያለኝ ያ መጽሐፍ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይኼ ያስፈራል» አልኳቸው። «ሰው የሚገድል ሰው ነው ያለበት።»

እጃቸውን ዘረጉ። «ሰው በሚገድል ሰው ነው እኔን የምታስፈራራኝ?»

አፈርኩና ሰጠኋቸው።

ሲያነቡ ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እየጎተቱ፣ ጮክ ብለው ነው። «መር... ማ... ሪው... በ... ሩን... አን... ኳ... ኳ።» ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔና ሚስቴም እንደገና አብረን አነበብነው። በቀን አንድ ገጽ፣ ሲበዛ ሁለት። ወረፋ የምታስይዘው ትርሲት ተናዳ «ሴትዮዋ ሳይጨርሱት ሌላ አብዮት ይመጣል» አለች። በሹክሹክታ ነው ታዲያ።

ገዳዩ ሲገድል እማማ ዘነበች አይደነግጡም። ማን እንደሆነም አይጠይቁም። እንደ ዝናብ፣ እንደ ጉንፋን ነው የቆጠሩት። አራተኛው ሟች ላይ ሲደርሱ ግን ንባባቸው ቆመ። ሦስት ቀን ሙሉ በግድግዳው በኩል የሚሰማን ያው አንድ ገጽ ነው። ዓይናቸው ደክሞ እንደሆነ ብዬ ገባሁ። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተውታል። መርማሪው የተማሪውን እናት የሚጠይቅበት ገጽ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ ሲስቅ ምን ይመስላል እያለ ይጽፋል።

«አየህ» አሉኝ። «ቁርስ በልቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት።»

«አዎ እማማ።»

«ይርጋ አልበላም ነበር። ቆይ ትኩስ ነገር ልሥራልህ ስለው፣ እመጣለሁ አለኝ። አረንጓዴ ሹራብ ነበር ያደረገው፣ ክርኑን እኔ የጠቀምኩለት። ይኼን የጠየቀኝ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ! አንተም አልጠየቅኸኝም።»

ግድግዳችን አንድ ነው ብያችኋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ቀበሌ አድርሰኝ አሉ። ያን ገጽ አሳይተው «እኔንም እንዲህ ጠይቁኝ» ሊሉ ነው። ለመንኳቸው። ይኼ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው፣ እኛ አገር ያስቀጣል አልኩ።

«የፈረንጅ እናት ብቻ ናት እንዴ የምትጠየቀው?» አሉና መንገድ ጀመሩ።

እስከ ቀበሌው በር ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲያ እግሬ እምቢ አለ። የቀበሌው ሱቅ በር ላይ የስኳር ሰልፍ ነበር፤ ስኳር የምፈልግ መስዬ ተሰለፍኩ። የሊቀመንበሩ መስኮት ክፍት ስለሆነ ይሰማል። እማማ ዘነበች ፊደል በፊደል እየጎተቱ ገጹን አነበቡለት። እስከ መጨረሻው። ከዚያ «ልጄ ይርጋ ይባላል። ጻፍ» አሉት።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?» አለ ሊቀመንበሩ። እናቱ የሚሆኑትን ሴት «አንቺ» ነው የሚላቸው።

«መንግሥት ነዋ! ሰርተፊኬት አለኝ።»

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁ ሲያመልጠው ወደ ሳል ለወጠው። ወዲያው ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ይዞ ብቅ አለ። «ይኼ የማን ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔም አየሁ። ቀና ስል እማማ ዘነበች ከኋላው ቆመዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ ደረሰና፣ እንደማያውቁት ሰው አልፎኝ ሄደ።

«አትክልት ተራ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ቃሪያ ተጠቅልሎበት።»

«ይኼን የሚያህል መጽሐፍ?»

«ቃሪያው ብዙ ነበር።»

«የኔ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል አቃተኝ። እያየሁ ጠባቂዎች አስገቧቸውና በሩን ዘጉት።

አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ምግብ የምታመላልስላቸው ሚስቴ ናት። እኔ በየቀኑ ሥራ ይበዛብኝ ነበር። መዝገብ ቤት ሥራ በዝቶ ያውቃል? ትርሲት መጽሐፉ የት ደረሰ ስትለኝ ጠፋ አልኳት። ፊቴን አይታ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። አቶ ገብረየስም ሰምተው ኖሮ ፋይሎቻቸውን በፋይልነታቸው ማንበብ ጀመሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኔም ቀበሌ ተጠራሁ። ሁለት ሹራብ ደራርቤ ሄድኩ፤ የሚታሰር ሰው እንደዚያ ነው የሚለብሰው። ሊቀመንበሩ በሩን ቆለፈና ከመሳቢያው መጽሐፉን አወጣ።

«ያንተ ነው» አለኝ። «ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈው እጅ ጽሑፍ ያንተ ነው። የቀበሌውን ቃለ ጉባኤ የምትገለብጥልን አንተ አይደለህ?»

ተቀመጥ አለኝ። ወንበሩን አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሐኪሙ ነው፣ አይደል?»

«ምኑ፣ ጓድ?»

«ገዳዩ ነዋ! ስድስተኛው ላይ ደርሻለሁ። እንቅልፍ አጣሁ እኮ! እንዴት ያለ ጨካኝ ነው ባክህ? ሰው ገድሎ ፀጉር ያበጥራል?»

ዓይኑ ደም ለብሷል። የእውነት አልተኛም። ይኼ ሰው በዚያ ክፉ ጊዜ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሰፈሩን ልጆች ስም ዝርዝር ሲያዘጋጅ የነበረ ነው። ያኔ እንቅልፍ አጣሁ ሲል የሰማው የለም። ይኼን ልነግረው ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። የወጣው ግን «ራስዎ ቢደርሱበት ይሻላል፣ ጓድ» የሚል ነው።

«ልክ ነህ፣ ልክ ነህ። እንዳትነግረኝ!» ብሎ ጆሮውን ያዘ።

በሩን ሊከፍትልኝ ሲነሳ እንደምንም ደፈርኩ። «ጓድ፣ እማማ ዘነበች...»

«የትኛዋ?»

«መጽሐፉን ያመጡት።»

«እንዴ! እሷ እዚህ ናት እስካሁን? ትሂድ እንጂ!»

ረስቷቸው ነው። እኔ በቁጣ የታሰሩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውዬው እያነበበ ነው።

መጽሐፉን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እማማ ዘነበችን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። እግራቸው አብጧል። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ለምኑ ቢሉኝ፣ ዝም ስላልኩ አልኩ። «ተወው። አንተም ብትገባ ሚስትህ ወጥ ለሁለት ሰው ልታመላልስ ነበር» አሉኝ።

ምን ላድርግላቸው? ያለኝ ነገር የመጽሐፉ መጨረሻ ብቻ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እየሞቅን ነገርኳቸው። ገዳዩ ደወል ደዋዩ መሆኑን፣ መርማሪው እንዴት እንደደረሰበት፣ ፍርድ ቤት መቅረቡን፣ የሰባቱ ሟቾች እናቶች ፊት ለፊት መቀመጣቸውን ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እናቶቹን በየስማቸው ጠሯቸው?»

«በየስማቸው ጠሯቸው።»

«ልጄን ለምን ገደልክብኝ ብለው ጠየቁት?»

«እያንዳንዳቸው ጠየቁት።»

«መለሰ?»

«ለሁሉም መለሰ እማማ።»

ከዚያ ሳቁ። ከይርጋ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

«ወይ አለማወቅ!» አሉ። «እኔ ሞኟ እስከ ዛሬ እውነተኛ ታሪክ መስሎኝ!»