ባርኔጣዬን ረሳሁት

[ጠዋት ነው። ፊልሞን አባቱን ጋሽ በኃይሉን፣ ጡረታ የወጡትን የስፖርት መምህር፣ በእግር ሐይቅ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እየወሰደ ነው። አረጋውያንን ያለ መድኃኒት ስለመንከባከብ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎታል። አሁን ግን ከቤት በሩጫ ተመልሶ እያለከለከ ነው።]

ፊልሞን: ይኸው ከዘራዎ! ቅድም መነጽር፣ አሁን ከዘራ። ደግሞ ምን ቀረ?

ጋሽ በኃይሉ: ባርኔጣዬ። ረሳሁት።

ፊልሞን: አባዬ! ምናለ አንድ ላይ ቢነግሩኝ?

ጋሽ በኃይሉ: ያኔ ፀሐይ አልወጣማ።

ፊልሞን: ባርኔጣው ይቅር! ወደ መልመጃችን። አየር በአፍንጫዎ ይሳቡ፣ አራት እስኪቆጥሩ ይያዙት፣ ቀስ ብለው ያስወጡ።

ጋሽ በኃይሉ: አራት ምን ልቁጠር?

ፊልሞን: ምንም! ዝም ብለው ይቁጠሩ።

ጋሽ በኃይሉ: ምንም ይቆጠራል እንዴ? እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን ልቁጠር። አንድ... ሁለት... ቆይ፣ ያኛው ዞረ። ቆጥሬዋለሁ?

ፊልሞን: ኧረ ይተንፍሱ!

ጋሽ በኃይሉ: አራት አልሞላማ! እስቲ አንተ አሳየኝ፤ ካላየሁ አይገባኝም።

[ፊልሞን ያሳያል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባቴ። ሰባቴም «አልገባኝም» ይባላል።]

ፊልሞን: እሱን እንለፈው። የጥንት ትዝታ ያውሩልኝ። አእምሮን ያነቃቃል።

ጋሽ በኃይሉ: አንድ ልጅ ነበር። እዚሁ ዓሣ ገበያ ባመጣው፣ በእጁ የያዘውን ዓሣ አባ ኮዳ ነጥቆት ሄደ። ልጁ እሪ ብሎ ተከተለው። ሱሪው መንገድ ላይ ወልቆ ቀረ፤ እሱ ግን መች ሊቆም!

ፊልሞን: (ሳቁ እያመለጠው) አባዬ፣ እሱ እኮ እኔ ነኝ! የራስዎን ትዝታ ነው ያልኩዎት!

ጋሽ በኃይሉ: እናትህ ሱሪህን እያውለበለበች ከኋላ...

[ፊልሞን እንባው እስኪወርድ ይስቃል። እናቱ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ወዲያው ግን ፊቱ ይጨልማል።]

ፊልሞን: አባዬ፣ ዛሬ ለአሠልጣኛችን ለሲስተር መዓዛ ስለ እርስዎ የምርመራ ቅጽ ሞልቼ እሰጣለሁ። በየቀኑ ዕቃ እየረሱ ነው። የመርሳት በሽታ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። እናቴን አጣሁ፤ እርስዎ ደግሞ በቁምዎ ቢጠፉብኝስ?

[ጋሽ በኃይሉ ይቆማሉ። ከኮታቸው ውስጥ የታጠፈ ባርኔጣ አውጥተው ራሳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ቀጥለው አንዲት ትንሽ ደብተር ያወጣሉ።]

ፊልሞን: ባርኔጣው!

ጋሽ በኃይሉ: እንዲህ መፍራትህን ባውቅ ቀድሜ እነግርህ ነበር። እንካ አንብብ።

ፊልሞን: (እያነበበ) «ሰኞ፦ ሁለቴ ወደ ቤት ሮጠ። ማታ ደህና ተኛ። ማክሰኞ፦ አራቴ ሮጠ። እራቱን ጨረሰ። ረቡዕ፦ አልጮኸብኝም።» ይሄ ማነው? እኔ ነኝ እንዴ?

ጋሽ በኃይሉ: እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ ብለህ እኔን ብቻ ስትጠብቅ፣ ሲስተር መዓዛን ሄጄ አማከርኳት። «አስታማሚም ሰው ነው፤ ይንቀሳቀስ፣ ይሳቅ» አለችኝ።

ፊልሞን: ታዲያ «ስፖርት ሥራ» አይሉኝም?

ጋሽ በኃይሉ: ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ልጅ ሩጥ ሲሉት አይሮጥም፤ ኳሷን አርቀህ ጣልለት፣ ይሮጣል።

ፊልሞን: ሰባቴ ያስተነፈሱኝስ?

ጋሽ በኃይሉ: ስድስተኛዋ ጥሩ ነበረች።

ፊልሞን: (በእፎይታ እየሳቀ) ተመስገን! በቃ፣ ያንን ቅጽ አሁኑኑ ነው የምቀደው! (ኪሱን ይዳብሳል) ቅጹ... ውይ! ቤት ረሳሁት! ቁልፉንም በሩ ላይ ሰክቼ ነው የመጣሁት!

ጋሽ በኃይሉ: (እርሳሳቸውን እያወጡ) ሩጥ።

[ፊልሞን ይፈተለካል። ጋሽ በኃይሉ የሚጽፉትን ጮክ ብለው ያነባሉ።]

ጋሽ በኃይሉ: «ዓርብ፦ ሦስቴ ሮጠ። ሦስተኛውን በራሱ ጥረት።»