ሙላት «አልሰጥም» ያለ ዕለት

መጨረሻውን የምናውቀውን ታሪክ ለምን ደግመን ቁጭ ብለን እንደምናይ ገብቷችሁ ያውቃል? እኔ እስካሁን በደንብ አልገባኝም፤ ያውም እንጀራዬ እሱ ሆኖ። ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳው ገና ከቤቱ ሳይነሳ መጽሐፉን አንብቦ፣ ስልኩ ላይ ፎቶውን አይቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ዐለት ወደ ታች እንደተፈለፈለ አጥንቶ ነው የሚመጣው። ታዲያ ምን ልንገረው? ዘዴዬ አንድ ናት፤ አፋፉ ጋ ልንደርስ ስንል አቆመውና ስለ ገብስ አዝመራ አወራዋለሁ። ያን ጊዜ ራሱ አንገቱን እያሰገገ ያስቸግረኛል።

ይህችን ዘዴ ያገኘኋት ከወዳጄ ከሙላት ነው። ሙላት ከገበያው በላይ ቪዲዮ ቤት አለው። የሰው ሁሉ ዓይን ስልክ ላይ ከተተከለ ወዲህ ወንበሮቹ ባዶ ይውላሉ፤ እሱ ግን አልዘጋውም፣ ራሱ ከፍቶ ራሱ ያያል። አንዱን ፊልም ደጋግሞ አይቶት እንኳ ልክ እንደ አዲስ ይጨነቃል።

«ጎበዝ ዳይሬክተር እኮ አዲስ ታሪክ አይፈልግም» ይለኛል ሻዩን እያማሰለ። «ልጁ ልጅቷን እንደሚያገባት ገና ፊልሙ ሲጀመር አውቀናል። ግን በሩ ሊከፈት ሲል ካሜራውን ፊቷን ትቶ እጇ ላይ ያደርገዋል። አለቀ። ያወቅነው ነገር ሁሉ ይጠፋብናል።»

ከሁሉ የሚወደው ደግሞ የውሸት መጨረሻ ነው። ሁሉ ነገር የተበላሸ ይመስልና ሰው ተስፋ ሲቆርጥ መልሶ ይቃናል። እዚያ ክፍል ላይ ሲደርስ ሙላት ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔ ስቄበት አላውቅም፤ እኔም አብሬው ብድግ እላለሁ።

እኛ አገር ደግሞ ካሜራ የማያስፈልገው አንድ ድራማ አለ፤ ሽምግልና። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ እኮ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ልጆቹ ተስማምተዋል፣ እናቶቹም ገበያ ላይ ተጠቃቅሰዋል። ቢሆንም አባት ወዲያው እሺ አይልም፤ ነውር ነው፣ ልጁን የጠላት ያስመስልበታል። «ከዘመድ ልማከር» ይላል። እሺ ማለት ነው። «ገና ልጅ ናት» ይላል። ይህም እሺ ነው፤ ትንሽ ቆይታችሁ ኑ ነው። ሽማግሌውም ቋንቋውን ስለሚያውቅ ልቡ ሞልቶ ይመለሳል።

የሙላት ልጅ ውብዓለምና ዲያቆን ይትባረክ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ይዋደዳሉ። ዲያቆን ደግሞ የሚቀስሰው አግብቶ ነው፤ የይትባረክ ተራ ደርሶ ብልባላ አቅራቢያ ያለ አንድ ደብር ቄስ አጥቶ እሱን ይጠብቅ ነበር። ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ካላለቀ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው። ስለዚህ የልጁ አባት ሦስት ሽማግሌ ላከ፦ የልጁን መምህር መሪጌታ ኅሩይን፣ አንድ አዛውንት አጎቱን፣ የሙላት ወዳጅ ነውና ይረዳል ብሎ ደግሞ እኔን።

መጀመሪያ ስንሄድ ሙላት «ከዘመድ ልማከር» አለ። ሁለተኛ ስንሄድ «አጎቷ ጋሸና ነው፤ እሱን ሳላማክር አይሆንም» አለ። ደስ አለን። ሦስተኛው ላይ ገና ከግቢው በር የዶሮ ወጡ ሽታ ተቀበለን፤ ጠላው ተጣርቶ በእንስራ ተደርድሯል። ከዚህ ሌላ ምን ምልክት ይፈለጋል? ቆምን። መሪጌታ ነገሩን በወጉ አቀረቡ።

ሙላት ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ልጅቱ ከኋላው የቆመችበትን የጓዳ መጋረጃ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ዝም አለ፤ ኧረ እንዴት ያለ ዝምታ! የማታ ማታ፣ «ልጄን አልሰጥም» አለ።

ይህን ቃል ላስታ ውስጥ አባት የሆነ ሰው አይናገረውም። ከተናገረው ደግሞ የምሩን ነው። የመሪጌታ ፊት ጠቆረ። «እግዜር ይስጥልን» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ፤ አጎትየው ተከተሉ፤ ሽማግሌ ተከፋፍሎ አይቀርምና እኔም ተከተልኩ። በሩ ላይ ዞር ስል ሙላት የሚቀጥለውን ቃል ሊናገር አፉን እንደከፈተ ቆሟል።

ለካስ እግሩ ላይ እንድንወድቅና እንድንለምነው ጠብቆ፣ እሱም ያን ጊዜ ስቆ እሺ ሊለን ኖሯል! አመሻሽ ላይ ደወለልኝ። «እንዴት ዝም ብላችሁ ትሄዳላችሁ? ወጡ አልሸተታችሁም?» አለኝ። በማግስቱ ወደ መሪጌታ ሮጥኩ። አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ፊልም የምትለውን እኔ አላውቅም። አልሰጥም ካለ ሰው ደጅ ተመልሶ መቆም ግን ልጅቱን ማርከስ ነው። ደግሞም የልጁ አባት ዛሬ ጠዋት ሌላ ደጅ ልኮኝ ነበር» አሉ። የዚያኛዋ አባት «ከዘመድ ልማከር» ብሏቸዋል።

ውብዓለም ለይትባረክ ደወለች። አለቀሰላት፤ ግን «አባቴን አሳዝኜ እንዴት እቀስሳለሁ?» አላት። እሷም ስልኩን ዘጋች።

እስከ ዛሬ ሙላትን ልቆጣው እነሳና መልሶ ያሳዝነኛል። ፊልም ላይ ያ ሁሉ ጭንቀት የሚያምረው ተዋንያኑ መጨረሻውን አስቀድመው ስላነበቡት ነው። ሙላት ግን ድርሰቱን ለብቻው ይዞ፣ መሪጌታን ሳይነግር፣ ልጁን እንኳ ሳይነግር ነው የጀመረው። ልብ የሚያንጠለጥል ሰው የት ጋ እንደሚያወርደው ለአንድ ሰው እንኳ መንገር አለበት እላለሁ፤ አሁን ብል ምን ዋጋ አለው?

የይትባረክ ሠርግ ብልባላ ላይ ባለፈ በሳምንቱ ሙላት አስጠራኝ። ቤቱ ስደርስ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። «ያልጨረስኩት ንግግር አለ፤ ካልተናገርኩት ይገድለኛል» አለኝና በሩ ጋ አቆመኝ። ስለ ልጅቱ ጠባይ፣ ስለ ልጁ ቤተሰብ ደግነት፣ ስለ እናቷ ምኞት አንድ በአንድ ተናገረ። መቼም እንዲያ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ «ልጄን...» አለና ዝም አለ።

የይትባረክን ሠርግ በልቼ የመጣሁት ሰውዬ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

የጓዳው መጋረጃ ትንሽ ነቅነቅ አለ።

«ለማን ነው፣ አባዬ?» አለች ውብዓለም።