የእኔ መብራት፣ የጓድ ታደሰ ማጥፊያ

አምፖል መቀየር የሚያቅተው ሰው አለ? የለም። ፖርታላምፓ መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፖርታላምፓ ስል ያንን ከጣሪያው በሽቦ የሚንጠለጠለውን፣ አምፖሉ የሚገባበትን ጥቁር ነገር ማለቴ ነው። ዛሬ ልጆቼ «ባለሙያ ሳይመጣ እንዳትነኪው» ሲሉኝ ሳቄ ይመጣል። እኔ በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በገዛ እጄ ቀይሬ አበላሽቼዋለሁ። እንኳንም አበላሸሁት! የማወራላችሁም ስለዚሁ ነው።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ከደብረ ብርሃን ሮቢት ስመደብ ቤተሰቦቼ አልቅሰው ነው የሸኙኝ። ቆላ ነው፣ ወባ ይጨርሳታል ብለው። ወባዋስ አልቀረችም፣ ይዛኝ ለቀቀችኝ። የባሰብኝ ቤቱ ነው። የተሰጠኝ ቤት የእትዬ ዘይነባ ነበር። ነበር ነው ያልኳችሁ። እትዬ ዘይነባ ከአሊዩ አምባ ወርደው ሮቢት ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ትርፍ ቤት ሲወረስ የጓሮዋ ክፍል ትበቃዎታለች ተባሉ። ትልቁን ሳሎን ደግሞ ቀበሌው መሀል ለመሀል በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ከፈለው። የመንገዱ ወገን ለጓድ ታደሰ፣ የጓሮው ወገን ለእኔ። ጓድ ታደሰ ማን መሰላችሁ? የቀበሌው የቤቶች ጉዳይ ኃላፊ። ግድግዳውን ያስቆመው እሱ፣ የተሻለውን ወገን ለራሱ የመረጠው እሱ።

ታዲያ ግድግዳውን ሲያቆሙ አንድ ነገር ረስተዋል። ሳሎኑ አንድ በነበረ ጊዜ ሁለት መብራት፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው የነበረው። ማብሪያ ማጥፊያው የት ነው? በመንገዱ በር አጠገብ፣ ማለት ጓድ ታደሰ ጋ። መብራቴ እኔ ጋ ነው፣ የሚያበራውና የሚያጠፋው ግን ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሰውዬው ደግሞ እንቅልፍ ይወዳል። ራቱን በላ፣ መብራቴ ጠፋ። ወደ ስብሰባ ወጣ፣ መብራቴ ጠፋ። ስጮህ በግድግዳው በኩል «የሕዝብ ንብረት አይባክንም፣ ጓድ መምህርት!» ይለኛል። አቤቱታዬን ለቤቶች ጉዳይ እንዳቀርብ መከሩኝ። ቤቶች ጉዳይ ማነው? እሱው።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን በኩራዝ እኖር ነበር። ግን ማታ ማታ እትዬ ዘይነባ ፊደል ሊቆጥሩ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ቀን ገበያ ላይ ናቸው፣ የመሠረተ ትምህርቱ ሰዓት አይመቻቸውም። ለምን በዚህ ዕድሜያቸው ፊደል ያዙ ብትሉኝ፣ ቤታቸውን ሲወስዱባቸው አንድ ወረቀት አምጥተው ምዝገባ ነው ብለው ጣታቸውን በቀለም አስነክረው አሳተሟቸው። ምን እንደሚል አላወቁም። ኋላ ሲገባቸው ያችን ጣት እያዩ አለቀሱ። «ወላሂ፣ በማላነበው ወረቀት ሁለተኛ ጣቴን አላሳርፍም» አሉኝ። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ እሳቸውን ማስነበብ እልህ ሆነብኝ። ደርሰን «ረ» ላይ ስንሆን ጓድ ታደሰ ቀጭ ያደርገዋል። ስብሰባ ላይ ግን ማይምነትን እናጥፋ ብሎ የሚፎክረውም እሱ ነው። ምን ያደርጉታል?

አንድ ቀን አምፖሉን ላጠብቅ ስል አሮጌው ፖርታላምፓ እጄ ላይ ፍርክስክስ አለ። ለቀበሌው ባመለክት ስንት ወር እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ገበያ ወጥቼ ራሴ ገዛሁ። ያገኘሁትም በጎኑ የምትዞር ቁልፍ ያለችውን ዓይነት ነው። ደስ አለኝ። ማብራቱ የእኔ ባይሆን እንኳ ማጥፋቱ የእኔ ይሁን እንጂ!

ያኔ የከተማው መብራት በሞተር ነው፣ ሞተሩ የሚነሳው አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ መስመሩን ብነካ የሚይዘኝ የለም። ከትምህርት ቤት ካቻቪቴ ተዋስኩ። ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደረብኩ፣ እትዬ ዘይነባ ወንበሩን ይዘው ቢስሚላህ ይላሉ። አሮጌውን ፈታሁት። ከጣሪያው ስንት ሽቦ ቢወጣ ጥሩ ነው? አራት! ሁሉም ጨርቅ የለበሰ፣ ሁሉም አቧራ የመሰለ። ፖርታላምፓው ያለው ሁለት ብሎን ነው። ከመፍታቴ በፊት የትኛው ከየትኛው ጋር እንደታሰረ ማየት ነበረብኝ ትሉኛላችሁ። እናንተ በጓድ ታደሰ ተናዳችሁ ወንበር ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱን እርስ በርስ ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። የቀሩትን ሁለቱን በሁለቱ ብሎኖች አሰርኳቸው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ የተረፈ ሽቦ የለም።

አመሻሹ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ጓድ ታደሰም ገብቶ አበራ። መጣ መብራቱ። ምን መብራት ይባላል፣ ሊጠፋ የደረሰ ፍም ነው እንጂ። አምፖሉን ቀየርኩ፣ ያው። ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ያው። ከግድግዳው ወዲያ ጓድ ታደሰም «ይሄ ሞተር ዛሬ ምን ነካው?» እያለ ይነጫነጫል። እሱም ጋ ደብዝዟል ማለት ነው። እስቲ ቁልፏን ልሞክር ብዬ አዞርኳት። የእኔ ጠፋ። የእሱም ጠፋ! «ማነው ያጠፋው?» ብሎ ጮኸ። መልሼ አበራሁት። ዝም አለ። ደግሜ አጠፋሁት። ጮኸ። ሦስተኛ ጊዜ ያዞርኳት ግን ለማረጋገጥ አልነበረም።

በማግስቱ ለፊዚክሱ አስተማሪ ለጌታቸው ነገርኩት። እስኪያነባ ሳቀ። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በአንቺ አምፖል አልፎ ነው ወደ እሱ የሚሄደው፣ አንዱን ኃይል ለሁለት እየተካፈላችሁት ነው፣ አንዳችሁ ብታጠፉ ሁለታችሁም ትጨልማላችሁ አለኝ። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማሰር ነው፣ መጥቼ ላስተካክልልሽ አለ። እንዳትነካው አልኩት። ደነገጠ። እንዴ! እስከ ትናንት ሰውዬው እኔን ሲያጨልም እኔ እሱን አላጨልመውም ነበር። በየስብሰባው ስለ እኩልነት ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ማታ ነው። አይነካም አልኩ፣ አልተነካም።

ያሳዘነኝ የእትዬ ዘይነባ ነገር ነው። በዚያ ፍም ዓይናቸው ፊደሉን አልለይ አለ። ደብተሩን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፣ ያርቃሉ፣ እንባ ይሞላቸዋል። አንጀቴን በሉት። እልሄን ውጬ ጌታቸውን ልጠራው ስል ጓድ ታደሰ ቀደመኝ። የእኔ አምፖል ባለ አርባ ዋት ናት፣ የእሱ ባለ ስልሳ ነበር። አውልቆ ባለ መቶ ገጠመ። የእሱ ክፍል ይብስ ደበዘዘ። የእኔ ፈካ! ሮጬ ጌታቸው ጋ ሄድኩ። በእንዲህ ያለ መስመር ብዙውን የምታገኘው ትንሿ አምፖል ናት፣ እሱ ባተለቀ ቁጥር የሚቀበለው ያንስበታል አለኝ። ፊዚክስን ያን ቀን ወደድኩት።

ጓድ ታደሰ ግን ማነስ አይወድም። ከቀበሌው አዳራሽ ባለ ሁለት መቶውን አስወርዶ አመጣ። የእኔ ክፍል ደመቀች፣ በእሱ በኩል ግን ያ ትልቅ አምፖል ቀይ ክር ብቻ ሆነ። ሲተኛ እንኳ ስለማይረብሸው ማጥፋቱንም ተወው። እትዬ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ ብለው ደብተራቸውን ዘረጉ። ያለ ማቋረጥ አነበብን። «ረ»ን አለፍን፣ ሁሉንም ጨረስን፣ ቃል ገጣጠምን።

ኋላ ጠረጠረ መሰለኝ አንድ ምሽት ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዞ መጣ። ማስጠንቀቂያ ሊያስፈርመን ነው። ማስጠንቀቂያውን የት ሆኖ የጻፈው ይመስላችኋል? እኔ ጠረጴዛ ላይ! በእሱ ክፍል የወረቀቱ መስመር አይታየውማ። ጻፈና ቀለሙን ለእትዬ ዘይነባ አቀረበላቸው። «ቀላል ነው እትዬ፣ ምዝገባ በሏት፣ ጣትዎን ብቻ» አላቸው።

እትዬ ዘይነባ ቀለሙን አላዩትም። ወረቀቱን አንስተው መብራቱ ሥር ቆሙ። «ያ... ለ... ኮ... ሚ... ቴው... ፈ... ቃድ...» ላብ አጠመቃቸው። «የመ... ብራት... መስ... መር... መን... ካት... የተ... ከለ... ከለ... ነው።» ጨረሱት! ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሱለትና ቀለሙን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

«አንብቤዋለሁ። ምዝገባ አይደለም። አልፈርምም» አሉት።

ለእኔም ሰጠኝ። እኔም አነበብኩት፣ እኔም አልፈርምም አልኩ። ጓድ ታደሰ አንዴ እኛን፣ አንዴ አምፖላችንን አየ። ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ወረቀቱን አጥፎ እየዳበሰ ወደ ክፍሉ ገባ። እንዲህማ አልቀርም ብሎ በማግስቱ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ከባለ ሁለት መቶውም የሚበልጥ አምፖል አምጥቶ ገጠመ። እኛም ከልብ አመሰገንነው።