ሽንኩርት መኝታ ቤት የገባ ጊዜ

ለአገልግሎት ተፈጥረው በአገልግሎት የሚያረጁ ሰዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ፣ ሰፈሩ «ጋሽ መዝገብ» የሚላቸው ጡረተኛ ናቸው። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው አርባ ዓመት ሲሠሩ አንድም ፋይል አልጠፋባቸውም። ፋይሉን ፈልጎ ያገኘ ባለጉዳይም የለም፤ ይህ ግን የባለጉዳዮቹ ድክመት ነው። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ምን ያህል እንደተጎዳ እንጃ። ሚስታቸው ግን ተጎድታለች፤ መዝገብ ቤቱ ከነኃላፊው እቤቷ ገባ።

ነገሩ የተጀመረው ገበሬው ወንድማቸው ምርት ተትረፍርፎበት ስምንት ጆንያ ጥቃቅን ቀይ ሽንኩርት የላከ ዕለት ነው። ለሁለት ሰው! ሚስታቸው ጆንያውን ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ለጎረቤት እናካፍለው» አለች፣ ጆንያው ገና ከመኪና ሳይወርድ።

«ንብረት እንዲህ በዘፈቀደ አይወጣም። መጀመሪያ አያያዙ ይጠና» አሉ ጋሽ መዝገብ።

ተጠና። ጥናቱ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ውጤቱም አንጀት የሚያርስ ነበር። ሽንኩርት ደረቅ፣ ነፋሻና ጥላ ያለበት ክፍል ይፈልጋል፤ ተደራርቦ መቀመጥም የለበትም። ጓዳው ይታፈናል፣ ሳሎኑን ፀሐይ ይመታዋል፣ ኮሪደሩ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ እርጥበት ይስባል። መስፈርቱን አሟልቶ የተገኘው መኝታ ቤቱ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ሽንኩርቱ አልጋ ላይ ወጣ፤ ባልና ሚስት ኮሪደር ወረዱ። ሽንኩርቱ አልጋው ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ ተደረደረ። ባለቤቶቹ ግን፣ ሳሎኑ ለእንግዳ የተመደበ ነውና፣ ኮሪደሩ ውስጥ ለአንድ ሰው በተሰፋች ፍራሽ ላይ ተጣበው ማደር ጀመሩ፤ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ሲሚንቶው ላይ ይገኛል። ስለ መደራረብ የወጣው መመሪያ እነሱን አይመለከትም ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ተቃቅፈው ማደራቸውን ጎረቤት ቢሰማ ፍቅር ነው ይል ነበር።

ሁለተኛው መመሪያ ደግሞ «ቅድሚያ መበላሸት ለጀመረው» ይላል። ጋሽ መዝገብ ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው መኝታ ቤት ይገባሉ። እያንዳንዱን ሽንኩርት በጣታቸው ጫን ያደርጋሉ፤ የለሰለሰውን፣ ያቆጠቆጠውን፣ የሻገተውን ለቅመው ለወጥ ቤት ያስረክባሉ። ደህናው ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው የሚደርሰው ሲበላሽ ነው። በዚህ ጥበብ በተሞላበት አሠራር ቤተሰቡ አምስት ወር ሙሉ አንድ ሽንኩርት አልጣለም፤ አንድ ደህና ሽንኩርትም አልቀመሰም።

«እባክህ፣ አንድ ቀን እንኳ ከደህናው ልክተፍ?» ትላለች ሚስት።

«ደህናው ምን ሆነና?»

«ምንም ስላልሆነ ነዋ!»

«ምንም ካልሆነማ ይቆይ።»

ወጡ ሸተተ፤ ልብሳቸውም ሸተተ። አውቶቡስ ላይ ሰው እየተነሣ ቦታ ይለቅላቸው ጀመር። ጋሽ መዝገብ ይህን ለሽበታቸው የተሰጠ ክብር አድርገው ወሰዱት።

ሚስታቸውን ግን ክብሩ አላሞቃትም። የኮሪደሩ እርጥበት ደረቷ ገባ። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ከረከራት፤ ቀጥሎ ጎኗን እየወጋ ያስላት ጀመር። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «እናቴ፣ ደረቅና ነፋሻ ክፍል ውስጥ ካልተኙ ሳንባዎን ያጡታል» አላት። ፈራች፤ የእውነቷን ፈራች።

«አልጋዬን መልስልኝ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል» አለቻቸው።

ጋሽ መዝገብ አዘኑ፤ አወጡ አወረዱ። «ችግርሽ ይገባኛል። ነገር ግን ክፍሉ የተመደበው መበላሸት ላልጀመረ ነው። አንቺ ደግሞ ጀምረሻል።»

«መበላሸት ለጀመረው ቅድሚያ ይሰጣል አላልክም?»

«እሱ ለድስት ነው» አሉ በርኅራኄ።

ሌላ ሴት ብትሆን ጓዟን ጠቅልላ ትሄድ ነበር። እሷ ግን አርባ ዓመት ሙሉ እራት በቀረበ ቁጥር ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ስትሰማ የኖረች ናት።

በማግስቱ የመኝታ ቤቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ጋሽ መዝገብ ፊቱ ቆመው አነበቡት። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው። «ጉዳዩ፦ ትርፍ ሽንኩርት ስለማከፋፈል» ይላል። ቀጥሎም «በቤቱ የሚገኘው ሽንኩርት በሙሉ በዛሬው ዕለት ለጎረቤቶች ተከፋፍሎ፣ አፈጻጸሙ እንዲገለጽልን በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ግርጌው ላይ ማንም ሊያነበው የማይችል ፊርማ ተጭሯል። ከፊርማው በታች «ግልባጭ፦ ለወጥ ቤት፣ ለኮሪደር» የሚል አለ። ግልባጩን ሲያዩ ጋሽ መዝገብ ሳያስቡት የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ቆለፉ።

ማን እንደላከው አልጠየቁም። በአርባ ዓመት ውስጥም ጠይቀው አያውቁም። ወገባቸው እስኪቆረጥ እየተሸከሙ፣ በየደጁ እያንኳኩ፣ ያን ሲሳሱለት የኖሩትን ደህና ሽንኩርት ሲያድሉ ዋሉ። ጎረቤት «ምን ነካቸው?» እያለ ተቀበለ።

በነጋታው ሚስታቸው አልጋዋ ላይ ነቃች። ሌሊቱን ሙሉ አላሳላትም። ጋሽ መዝገብ ከጎኗ ተንጋለው ጣራውን ያያሉ።

«ያን ደብዳቤ ግን ማን ይሆን የጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

ወደ እሷ ዞር ብለው ቅር ባለው ድምፅ «ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?» አሏት።

«ዝም? አፌ እስኪደርቅ ስነግርህ አልነበር እንዴ!»

«ነግረሽኛል» አሉ ጋሽ መዝገብ፣ ብርድ ልብሱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ፤ «ግን ቁጥር አልነበረውም።»