ተመራቂዋ እናት መታጠቢያ ቤት የተቆለፈባቸው ዕለት የተደረገ ዘመቻ

በዘመነ መንግሥቱ ለታላቁ ልጅ፣ ማእምረ ቀመር፣ ፈታሔ ሒሳብ፣ በቤተሰቡ ዘንድ «ባለ ማስተርሱ» ተብለው በሚጠሩት፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በያዙ በአራተኛው ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ ማለዳ የሆነውን እኔ የእህታቸው ባል ያለ አድልዎ እጽፋለሁ፤ ጥቂት ባደላም አይፈረድብኝ።

ወኮነ በይእቲ ዕለት፣ እናታቸው፣ ልጆቻቸውን ሁሉ አሳድገው ሲያበቁ ራሳቸው የማታ ትምህርት የገቡት፣ ሽንኩርት እየከተፉ ሌክቸር በስልክ ያዳመጡት፣ ለምረቃቸው ጋውን ለብሰው በመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ፊት ቆባቸውን ሲያቃኑ፣ ቁልፉ አልዞር አለና ተዘጋባቸው። ያረፈደ ተመራቂ አዳራሽ አይገባም ተብሎ ነበርና ቤቱ ተሸበረ።

ባለ ማስተርሱም ተነሡ። ተከተሏቸውም፦ አባታቸው የመኪና ቁልፍ ይዘው፣ እህታቸው የእናቷን ጫማ ታቅፋ፣ አክስታቸው አበባ ተሸክመው፣ እኔም ቁራሽ ዳቦዬን እንደያዝሁ። ታናሽ ወንድማቸውም፣ ዩኒቨርሲቲ ጥሎ ሙያውን ሁሉ ከኢንተርኔት የለቀመው «ባለ ቪዲዮው»፣ ስልኩን አንግቦ መጣ።

ባለ ማስተርሱም አወጁ፦ «ማንም እንዳይነካ! መጀመሪያ ኃይሉ የት እንደሚያርፍ ላስላ!» ትከሻቸውንም በበሩ ላይ አስደግፈው በአበባው መጠቅለያ ወረቀት ላይ የኃይሉን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይሥሉ ጀመር። ባለ ቪዲዮውም አወጀ፦ «ወረቀትህን እዚያው! የቪዲዮው ሰውዬ በትከሻ ግፉ ብሏል!» ብሎም ገፋ። አባትም ከልጆቻቸው ለማንም ላለማዳላት ገፉ፤ እህትም ገፋች፤ አክስትም ገፉ፤ እኔም ዘመድ ሲገፋ ቆሞ ማየት ነውር ነውና በአንድ እጄ ገፋሁ። እየገፉም ወንድማማቾቹ አዋጅ ተወራወሩ፦ «ስድስት ዓመት የተማርከው ለዚህ ነው?» «ያንተ መምህር ማስታወቂያውን ይጨርስና እናያለን!»

ያን ጊዜ ከበሩ ማዶ ከአዋጅ ሁሉ የሚበልጥ አዋጅ ወጣ፦ «ስሙ! ቁልፉን በጥፍር መቁረጫ ከፈታሁት ቆየሁ! በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ አሁን ጠፍቷችሁ ነው? ኧረ አትደገፉብኝ፣ ምረቃዬ እኮ ነው!» በዚያ ቤት ያደግንም በጋብቻ የገባንም ሁሉ፣ በሩን በየቀኑ ስንስበው የኖርን፣ አፈርን፤ እኔም ዳቦዬን ኪሴ ከተትሁ።

ወእምዝ ባለ ማስተርሱ በዘመቻ ያልታየ ሥራ ሠሩ፤ ቀስታቸውን ጣሉ፣ የወንድማቸውን እጅ ያዙ፣ ወደ ኋላም ሄዱ። ሠራዊቱም አብሮ ሄደ። በሩ ተከፈተ፤ እናትም ቆባቸው ተንጋዶ ወጡ፣ ጫማቸውን ነጥቀው በባዶ እግራቸው ወደ መኪናው ሮጡ። አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ስማቸው ሲጠራ ባለ ማስተርሱ ቆመው አለቀሱ፤ ባለ ቪዲዮውም እያለቀሰ ቀረጸ፣ ዓይኑን ሲጠርግ ግን ጣሪያው ብቻ ወጣለት።

እንግዲህ ክብር ለባለ ማስተርሱ ይሁን! ሌሎች ጀግኖች በር ሰብረው ገቡ፣ ተወደሱም፤ የእኛው ግን ከበር ዞር ብለው እናታቸውን አሳለፉ። ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ዞር ማለትንም አይርሱ።