ሐዲዱ ሲመታ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የማወጋችሁ ነገር እዚህም እዚያም ቢዛባ አትፍረዱብኝ። ሐዲዱን ያመጣልን የደጀን ሹፌር ከአስመራ በኩል ይሁን ከድሬዳዋ ያገኘው፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ግን አውቃለሁ። ቢቸና ባቡር ደርሶ አያውቅም። ታዲያ ሐዲድ ምን ይሠራላችኋል ትሉኝ ይሆናል። ደወል ነዋ! የትምህርት ቤታችን ደወል ተሰንጥቆ ስለነበር፣ ክንድ የምታህለውን ቁራጭ ከግቢው ወይራ ላይ በሽቦ አንጠለጠልናት። እኔ የወላጅ ኮሚቴ ነበርኩ። ሽቦው ተበጥሶ ልጅ ላይ እንዳትወድቅ እያልኩ በየማለዳው እየሄድኩ እነቀንቃት ነበር።

ደወል መቺው አዲሱ ዘበኛ አስር አለቃ ይርሳው ነው። ከሰሜን ጦርነት በእግሩ የተመለሰ፣ መሬት ያልደረሰው፣ ቤት ሙሉ ልጅ ያለው ሰው። ያችን ዘበኝነት ያገኘው በስንት ልመና ነው። ሐዲዱን ገና ሲያየው፣ እንደ ሰው፣ "አንተም እዚህ ደረስክ?" አለው። ከዚያ አጫወተን። ጣሊያን ከባሕር ወደ ደጋ ወታደርና መድፍ ሊያወጣበት ዘረጋው። በእነ ይርሳው ጊዜ ደግሞ እየተነቀለ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። "መድፍ ሲያመላልስ የኖረ ብረት ከመድፍ ሸሸገን" ይል ነበር። የተረፈችውን ቁራጭ ሰቅለው፣ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ይቀጠቅጧታል። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ወደ ጉድጓድ!

ያኔ መጠርጠር ነበረብን። በመጀመሪያው ቀን ሐዲዱን ቀጥቀጥ ቀጥቀጥ አደረገና ራሱ ሮጦ ቦይ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ሳቁ። በማግሥቱ እነሱም አብረውት ተኙ። ያ ሁሉ ልጅ በሆዱ! ርእሰ መምህሩ፣ "አስር አለቃ፣ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ሌላ ሰው እንፈልጋለን" አሉት። ቦይ ሲገባ ያላፈረው ሰው፣ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ያች ሥራ ከሄደች ልጆቹ ምን ይበሉ?

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ዞሬ ዞሬ ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉትን አባ ጥሩነህን አማከርኩ። "ጠላቱ ጥድፊያው ነው እንጂ ብረቱ አይደለም" አሉኝ። "እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ቀስ እያለ፣ እየተነፈሰ ይምታው።" ራሳቸው ወርደው አስተማሩት። ዳን... ዳን... ሠራ! አስር አለቃ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም ተኛሁ።

ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ዐቢይ ጾም ገባ። በእኛ አገር ጾመኛ እህል የሚቀምሰው፣ በዘጠኝ ሰዓት ግድም ቅዳሴ ሲወጣ፣ ደወሉን ሰምቶ ነው። አንድ ቀን ሰማዩ ዳምኗል፣ ፀሐይ የለችም። አስር አለቃ በስድስት ሰዓት ፈረቃ ሊለውጥ ዳን... ዳን... አደረገ። ሰፈሩ አማተበና ገበታ ቀረበ። እኔማ፣ "ዛሬስ ቶሎ ነው" ብዬ ነበር። ባለቤቴ፣ "አንቱ ደግሞ ደወሉንም ሊጠረጥሩ ነው? ይብሉ!" አለችኝ። በላሁ። ሽሮው ገና ከጉሮሮዬ ሳይወርድ፣ ከላይ የቅዳሴ መግቢያው ደወል ተደወለ።

ጉድ ፈላ! ጎረቤታችን እመት የውብዳር፣ "ዕድሜ ልኬን የጾምኩትን አንድ ወታደር አስፈታኝ!" እያሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረዱ። ሰፈሩ ተከተለ። ይባረር! ይባረር! የዕለቱ ቀዳሽ ሌላ ካህን ስለነበሩ፣ አባ ጥሩነህ ወርደው መሐል ገቡ። "አመታቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ከተባረረ እኔንም አባሩኝ" አሉ። ይህን ማን ይደፍራል? ለበላን ሁሉ ስግደት አዘዙን። እዚያው ወይራው ሥር፣ ያን ቀን ቤታቸው የነበሩት ርእሰ መምህሩ ሳይቀሩ፣ ግንባራችን መሬት ነካ። ሥራ ላይ ስለነበር ያልበላው አስር አለቃ ከአባ ጎን ቆሞ ያየናል።

"እንግዲህ" አለ፣ "ይህ ሐዲድ ሲመታ መሬት የሚወድቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።"

እመት የውብዳር ግንባራቸውን ሳያነሱ ሳቁ። ይባረር ማለትም እዚያው ቀረ። በጾም ፊሽካ እንዲነፋ ተስማማን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ የኤሌክትሪክ ደወል ሲያስገባ፣ አስር አለቃ ሐዲዱን ተሸልሞ ሞጣ ልጁ ዘንድ ገባ። ወሬውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ቢቸና መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጠ አንድ የሞጣ ሰው ነው። ሐዲዱን ደጃፉ ላይ ሰቅሎታል አለኝ። ምሳ ሲደርስ ሚስቱ ትመታዋለች፣ እሱም ወደ ቦይ መሮጡን ትቶ ወደ ገበታ ይሮጣል። ደስ አለኝ።

በጾምስ በስንት ሰዓት ነው የምትመታው? ብዬ ሳልጠይቅ መኪናው ሄደብኝ።